በሰከንድ ስድስት ጊዜ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። የኅዳር ብርድ ገና ከአዲስ አበባ አስፋልት አልተነሣም። ቄራ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ነጭ ላንድክሩዘር ፕራዶ ጤዛ ለብሶ ቆሟል። ሰሌዳው ኮድ 2 ነው፤ ቆጣሪው 240 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፏል። ባለቤቱ በሃምሳዎቹ አጋማሽ የሚገኙ ሰው ናቸው። መኪናውን ትናንት ማታ እዚህ አሳድረው በታክሲ የተመለሱት መካኒኩ ስላዘዛቸው ነው። «ሞቆ ከመጣ ሕመሙን ይደብቅብኛል። እዚሁ ይደርና ጠዋት አብረን እናስነሣዋለን» ብሏቸው ነበር።

ሰውየው ጭንቀት ይዟቸዋል። ከሦስት ቀን በፊት ሌላ ጋራዥ ሄደው ነበር። እዚያ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ያየ አንድ ባለሙያ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ኖዝል ነው፤ አራቱም ይቀየሩ» አላቸው። ከዚያ በቀጥታ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርደው የአራት አዲስ ኖዝል ዋጋ ጠየቁ። የሰሙትን ቁጥር እስከ ዛሬ ለባለቤታቸው አልነገሩም።

መካኒኩ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት አንድ ብርጭቆ ውኃ ግማሽ ያህል ሞልቶ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠ። ሞተሪኖው ዞረ። ሞተሩ ከወትሮው አንድ ሁለት ሰከንድ ዘግይቶ ተነሣ። መኪናው በሙሉ ተንዘፈዘፈ፤ ከማርሚታው ነጭ ጭስ ወጣ፤ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውኃ ከዳር እስከ ዳር ይማታ ጀመር።

«ጋሼ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ይበሉልኝ። ንዝረቱ የቱ ጋ ነው የሚሰማዎት?»

«ሆዴ ላይ።»

«እጅዎ ላይስ? መሪው ላይ?»

«መሪውስ ብዙም አይደል። ሆዴን ነው የሚንጠኝ።»

መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ። በእጁ ገና ምንም መሣሪያ አልያዘም፤ ግን የመጀመሪያውን መረጃ አግኝቷል።

ይህን ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያቃጥላል። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ፣ በደቂቃ 750 ዙር ቢዞር በሰከንድ 25 ቃጠሎ ይኖራል ማለት ነው። ጤነኛ ናፍጣ ሞተር የሚያሰማው ደቃቅ ንዝረት ይኸው ነው፤ ጫማ ሥርና መሪ ላይ እንደ ንብ ድምፅ ይሰማል፤ ሰውነት ግን ቶሎ ይለምደዋል። ከአራቱ አንዱ ሲሊንደር ሲደክም ነገሩ ይለወጣል። እያንዳንዱ ሲሊንደር ተራው የሚደርሰው በሁለት ዙር አንዴ ስለሆነ ሞተሩ በሁለት ዙር አንዴ ያነክሳል። 750ን በ60፣ ቀጥሎ በ2 ማካፈል ነው፤ በሰከንድ ስድስት ጊዜ ከሩብ። የሰው ልጅ ተቀምጦ ሳለ ከታች ወደ ላይ ለሚመጣ ንዝረት እጅግ ስሜታዊ የሚሆነው ደግሞ በሰከንድ ከ4 እስከ 8 በሚደርሰው ክልል ውስጥ ነው። ሆድ ዕቃ፣ ደረትና ትከሻ አብረው የሚናወጡት እዚያ ላይ ነው። የሰውየው ሆድ ውሸት አልተናገረም፤ አንድ ሲሊንደር ድርሻውን እየተወጣ አይደለም።

ለምን ድርሻውን እንዳልተወጣ ግን ሆድ አይናገርም። ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው።

«ኖዝል ነው» የሚለው ፍርድ በከተማው ጋራዦች የተለመደ ሆኗል። ፍርዱ መነሻ አለው። ኢንጀክተር፣ በጋራዡ አጠራር ኖዝል፣ የሚለበስና የሚበላሽ ዕቃ ነው። ችግሩ መንቀጥቀጥ የሚያመጣው እሱ ብቻ አለመሆኑ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ አሁን በመንገድ ላይ ያሉት የናፍጣ መኪኖች ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ እንዲያገለግሉ ይጠበቅባቸዋል። ዕቃ እየቀየሩ መሞከር የሚባለው አሠራር ድሮም ትክክል አልነበረም፤ ዛሬ ግን አንድን ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ ሊከት ይችላል።

ስለዚህ መካኒኩ ገንዘብ ከማያስወጣው ምርመራ ጀመረ። ሰውየው ፍሬን ረግጠው ማርሹን ከኒውትራል ወደ ዲ፣ ከዚያ ወደ አር እንዲያስገቡ አደረገ፤ እሱ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ይመለከታል። የሞተር ፋውንዴሽን የሚባለው፣ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው የጎማ ትራስ፣ የተቀደደ ወይም የሰመጠ ቢሆን ኖሮ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ወደ አንድ ወገን ዘመም ብሎ ይዘል ነበር። እንዲህ ያለ መኪና ማርሽ ገብቶ ሲቆም ይርገበገባል፤ ኒውትራል ሲደረግ ይረጋጋል። ይህኛው በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነው። ፋውንዴሽኑ ከተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር ወጣ።

ቀጥሎ ጥያቄ አስከተለ። በጉዞ ላይ ይነዝራል? በ80 እና በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መካከልስ? ፍጥነትን ተከትሎ የሚመጣና ሞተሩ በኒውትራል ሲለቀቅም የማይጠፋ ንዝረት ከኖዝል ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የጎማ ባላንስ፣ የተጣመመ ቸርኬ ወይም የላላ ክሮቸራ ነው። ማንዋል ማርሽ ባላቸው አንዳንድ የናፍጣ መኪኖች ላይ ደግሞ ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚጠፋ መንኳኳት የባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ መላላት ምልክት ነው። ሰውየው ሁሉንም «የለም» አሉ። ከዚያ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው አንድ ነገር ተናገሩ።

«የሚገርምህ ነገር፣ ለሥራ ወደ መተሐራ ስወርድ ይተወኛል። እዚያ ጠዋት ሳስነሣው ልክ እንደ አዲስ ነው። እዚህ ስመለስ ይጀምረኛል።»

መካኒኩ ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ ጻፈው።

ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን አጥብቆ በመጭመቅ ያግለዋል፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለው በዚያ ግለት ነው። ናፍጣ በራሱ እንዲነድ ቢያንስ 210 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈልጋል፤ ጤነኛና የሞቀ ሞተር በጭመቃው መጨረሻ ላይ ከ500 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ ችግር የለበትም። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። በጉዞ ላይ ቱርቦው አየር እየገፋ ይህን ጉድለት ይሸፍነዋል። ሚኒሞ ላይ ግን ቱርቦው ምንም የሚረባ ግፊት አይሰጥም፤ ሞተሩ ባገኘው ስስ አየር ብቻ ይሠራል። ቀዝቃዛ ጠዋት ሲጨመርበት ትንሽ ጭመቃ የሚያፈስ ሲሊንደር ናፍጣውን ማቀጣጠል ያቅተዋል፤ ያልነደደው ናፍጣ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ሞቃታማውና ዝቅተኛው መተሐራ ላይ ያው ሲሊንደር አየሩም ወፍሮ፣ ብረቱም ሞቆ ስለሚያገኝ እንደምንም ያቀጣጥላል። ዕቃው ያው ነው፤ የተለወጠው አየሩ ነው። የሰውየው ወሬ ወደ ጭመቃ የሚጠቁም ከባድ ፍንጭ ነበር።

ጭሱ ራሱ ቋንቋ አለው። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቶ ወይም አየር አንሶ ነው፤ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የተቀደደ የቱርቦ ቱቦ፣ ክፍት ሆኖ የቀረ ኢ.ጂ.አር ቫልቭ ወይም የሚያንጠባጥብ ኖዝል ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ዘይት ነው። ነጭና ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ ያልነደደ ናፍጣ ነው። ነጭ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ካለውና ራዲያተሩ ውኃ እያጎደለ ከሆነ ደግሞ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ያስጠረጥራል። የሞተሩ ዙር ሳያነክስ ብቻ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለ የሚዋዥቅ ከሆነም ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ወደ ከፍተኛ ግፊት ፖምፓው የሚገባውን ናፍጣ በሚመጥነው ቫልቭ ወይም በነዳጅ መስመሩ ውስጥ በገባ አየር ላይ ይገኛል። እዚህ ላይ ተሳስተው ኖዝል የቀየሩ ሰዎች አዲሶቹ ኖዝሎች ያንኑ መዋዠቅ ሲደግሙ ያያሉ።

የጋራዡ አንጋፋ ሠራተኛ፣ ከጥግ ሆኖ የሚያዳምጥ አንድ ሽማግሌ፣ በዚህ ጊዜ ጣልቃ ገባ። በእሱ ዘመን ምርመራው በአንድ ቁልፍ ያልቅ ነበር። ሞተሩ እየሠራ ወደ እያንዳንዱ ኖዝል የሚሄደውን ቱቦ ዳዶ በየተራ ላላ ያደርጋል። ጤነኛው ሲሊንደር ሲላላ ሞተሩ ይብሳል፤ የታመመው ሲላላ ምንም ለውጥ የለም። ያኔ ኖዝሉ ከ100 እስከ 200 ባር ባለው ግፊት በራሱ የሚከፈት ሜካኒካል ዕቃ ነበር።

ያ ዘመን ረጅም ነው። ሩዶልፍ ዲዝል የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1893 ሲሆን፣ በ1897 አውግስቡርግ ላይ በተሳካ ሁኔታ የተፈተነው ሞተሩ ናፍጣውን ወደ ውስጥ የሚነፋው በታመቀ አየር ነበር፤ ለዚያ የሚሆን ራሱን የቻለ መጭመቂያ መሸከም ስላለበት መኪና ላይ የሚጫን አልነበረም። ሮበርት ቦሽ ነዳጁን ራሱን የሚገፋ ፖምፓ በ1927 በብዛት ማምረት ሲጀምር ነው የናፍጣ ሞተር ከፋብሪካ ወለል ወደ መንገድ በስፋት የወጣው፤ በ1936 መርሰዲስ ቤንዝ 260 ዲ የተባለውን የናፍጣ የቤት መኪና ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመት ያህል የመካኒኩ አሠራር ብዙም አልተለወጠም።

የተለወጠው በ1997 ነው። አልፋ ሮሜዮ 156 ኮመን ሬይል የሚባለውን ሥርዓት ይዞ ወጣ፦ ፖምፓው ናፍጣውን በአንድ የጋራ ወፍራም ቱቦ ውስጥ እስከ 1,350 ባር ድረስ አምቆ ያስቀምጣል፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ኖዝል በኤሌክትሪክ በፈለገው ቅጽበት ይከፍተዋል። ሥርዓቱ በፊያትና በእህት ኩባንያዎቹ ምርምር ተጀምሮ በቦሽ እጅ ለገበያ የበቃ ነው። ፖምፓ፣ ኮፓ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቪቴ እያለ ከጣልያንኛ በወረሳቸው ቃላት ለሚሠራው የእኛ ጋራዥ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚያው ከጣልያን መሆኑ የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው። ዛሬ ግፊቱ በብዙ ሞተሮች ከ2,000 ባር አልፏል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር ከ2 ባር ተኩል ብዙም አይበልጥም።

የሽማግሌው ቁልፍ እዚህ ላይ ገዳይ ነው። በዚህ ግፊት ከላላ ቱቦ የሚወጣ ናፍጣ ጓንትም ቆዳም ይበሳል። ቁስሉ ከመርፌ ጠባሳ አይበልጥም፤ ሕመሙም መጀመሪያ ላይ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ከቆዳው ሥር የገባው ነዳጅ ግን ሥጋውን እየገደለ ይሄዳል። በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት ጣት፣ አንዳንዴም እጅ የሚያስቆርጥ አደጋ ነው። ሥራ ለማጅ የሆኑ ልጆች ከአባቶቻቸው ያዩትን ይህን ዘዴ በአዲስ ሞተር ላይ ሲሞክሩ ማየት ልብ ይሰብራል። የኖዝሉን የኤሌክትሪክ ሶኬት ሞተሩ እየሠራ መንቀልም እንዲሁ በዘፈቀደ የሚደረግ አይደለም፤ የሚሰጠው ቮልቴጅ ከባትሪው 12 ቮልት እጅግ የበለጠ ነው፤ ፒየዞ የሚባለው ዓይነት ኖዝል ደግሞ እንደተከፈተ ሊቀር ይችላል።

ሽማግሌው ይህን ከመካኒኩ ሲሰማ ዝም አለ፤ ቀጥሎ «ታዲያ አሁን በምን ታውቁታላችሁ?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ከልቡ ነበር።

የሚታወቀው ኮምፒውተሩን በመጠየቅ ነው። መካኒኩ የምርመራ መሣሪያውን ከመሪው በታች ካለው ሶኬት ጋር አገናኘ። የቼክ ኢንጂን መብራት አልበራም፤ የተመዘገበ የብልሽት ኮድ የለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ይህ መካኒክ ግን የእያንዳንዱ ሲሊንደር የነዳጅ ማስተካከያ ወደሚታይበት ገጽ ሄደ። የሞተሩ ኮምፒውተር የክራንክሻፍቱን ፍጥነት በእያንዳንዱ ቃጠሎ ላይ ይለካል። አንዱ ሲሊንደር ደካማ ግፊት ከሰጠ ለእሱ ነዳጅ ይጨምርለታል፤ ጠንካራ ለሆነው ይቀንስበታል። ያንን ጭማሪና ቅናሽ በኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ያሳያል። በፕራዶው ውስጥ ያለው 1ኬዲ-ኤፍቲቪ የተባለው ባለ 3 ሊትር ሞተር ሞቆ ሚኒሞ ላይ ሲሆን፣ ባለሙያዎች ከ3 ሲቀነስ እስከ 3 ሲደመር ያለውን እንደ ጤነኛ ይወስዱታል።

ቁጥሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ በሚኒሞ አንድ ኖዝል በአንድ ጊዜ የሚረጨው ጠቅላላ ናፍጣ ከአንድ የውኃ ጠብታ አንድ አምስተኛ አይበልጥም። ከዚያም ውስጥ 1 ወይም 2 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ቀድሞ ይረጫል፤ ዋናው ቃጠሎ በድንገት እንዳይፈነዳና ሞተሩ እንዳይንኳኳ ለማለሳለስ ነው። የሚረጭባቸው ቀዳዳዎች ከ0.15 ሚሊ ሜትር አይሰፉም። በውስጡ የሚንቀሳቀሱት ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ነው፤ የሰው ጸጉር 70 ማይክሮን ያህል ይወፍራል። አንድ መኪና 200 ሺህ ኪሎ ሜትር በአማካይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ፣ ሞተሩም በአማካይ 1,500 ዙር እየዞረ ቢሄድ፣ እያንዳንዱ ኖዝል ተራው 225 ሚሊዮን ጊዜ ደርሶታል ማለት ነው። ውኃ የገባበት ናፍጣ፣ በአቧራማ በርሜል የተቀመጠ ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ማለስለሱን ያጣ ናፍጣ እንዲህ ያለውን ዕቃ ምን እንደሚያደርገው መገመት አይከብድም። በየጊዜው የሚቀየር ጥሩ የናፍጣ ፊልትሮና ከሥሩ የሚጠራቀመውን ውኃ ማፍሰስ ከሁሉም የሚረክስ ጥንቃቄ ነው፤ ከሁሉም የሚዘነጋውም እሱ ነው። በጠርሙስ የሚሸጠው የኖዝል ማጠቢያ ቆሻሻ ቢያላቅቅ እንጂ የተበላን ብረት አይመልስም።

መሣሪያው ላይ አራት ቁጥሮች መጡ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አንደኛው ሲሊንደር 1.2 ሲቀነስ፣ ሁለተኛው 0.9 ሲቀነስ፣ አራተኛው 1.2 ሲቀነስ። ሦስተኛው 3.3 ሲደመር።

ባለቤቱ ከመካኒኩ ትከሻ በላይ አጮልቀው አዩት። «ስለዚህ ሦስተኛው ኖዝል ነው» አሉ፤ ፊታቸው በግማሽ እፎይታ በራ፤ ከአራት አንድ ይሻላል።

«አይደለም ጋሼ። ኮምፒውተሩ ኖዝሉ ተበላሽቷል አላለም። ‹ሦስተኛው ሲሊንደር ደክሟል፤ እኔ እየደጎምኩት ነው› ነው ያለው። ለምን እንደደከመ አያውቅም።»

በዚያ ጠዋት ከተነገረው ሁሉ ዋናው ይህ ነው። የምርመራ መሣሪያ ገዝተው ቁጥር እያነበቡ ዕቃ የሚያዝዙ ብዙዎች የሚስቱትም ይህንኑ ነው። አንድ ሲሊንደር እንዲደክም ኖዝሉ ትንሽ ሊረጭ ይችላል። ወይም ኖዝሉ በትክክል እየረጨ ሲሊንደሩ አየሩን አጥብቆ መያዝ አቅቶት ሊሆን ይችላል፤ ቫልቭ፣ የፒስተን ቀለበት፣ ጓርኒሲዮን። በሁለቱም ጊዜ መሣሪያው ላይ የሚታየው ቁጥር አንድ ነው።

ሁለቱን የሚለየው ምርመራ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ኮምፒውተሩ ናፍጣ እንዳይረጭ ታዘዘና ሞተሪኖው ሞተሩን በባዶው አሽከረከረው። እያንዳንዱ ፒስተን አየሩን ሲጨምቅ ሞተሪኖውን ያደክመዋል፤ ዙሩ ይቀንሳል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ዙሩ ከሌሎቹ ያነሰ ነው የቀነሰው። ናፍጣ በሌለበት፣ ኖዝሉ ምንም ሥራ ባልሠራበት ሰዓት፣ ሦስተኛው ሲሊንደር እያፈሰሰ ነው። መካኒኩ ሞተሩን እንደገና አስነሥቶ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈተና እጁን በላዩ ዘረጋ። ትንፋሽ አለ፤ ዝም ብሎ የሚወጣ ሳይሆን ምት ያለው፣ የተቃጠለ ናፍጣ የሚሸት።

«ና ልጄ፣ እጅህን አድርግ» አለው ረዳቱን። ልጁ መዳፉን ዘረጋና ቆጠረ። ሽማግሌውም ተነሥቶ መጣ፤ የራሱን መዳፍ አስቀመጠ፤ ከዚያ «ሮንዴላው ነው» አለ። ምንም መሣሪያ አላየም። በ1ኬዲ ሞተር ላይ ስንት ጊዜ እንዳየው ያውቃል።

እያንዳንዱ ኖዝል ቴስታታው ላይ የሚቀመጠው በቀጭን የመዳብ ሮንዴላ ላይ ነው። ሥራዋ በቃጠሎው ክፍልና በውጭው መካከል ያለውን በር መዝጋት ነው። ሙቀትና ቅዝቃዜ እየተፈራረቁባት ስትደክም፣ ወይም አንድ ጊዜ የተጨፈለቀች ሮንዴላ ተመልሳ ስትገጠም፣ የቃጠሎው እሳት በጎኗ መንገድ ያበጃል። በብዙ ሞተሮች ላይ ይህ ከውጭ ይታያል፤ በኖዝሉ ዙሪያ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ቅርፊት ይሠራል፤ ቹፍ ቹፍ የሚል ድምፅም አለው። 1ኬዲ ላይ ግን የኖዝሉ ሥር የሚገኘው ከላይኛው ሽፋን ውስጥ ስለሆነ ጥቀርሻው ወደ ውጭ አይወጣም። ወደ ዘይቱ ይወርዳል።

ሽፋኑ ሲነሣ ሁሉም አንገታቸውን አስገቡ። ሦስት ኖዝሎች ሥራቸው ንጹሕ ነው፤ በዘይት ብቻ የረጠበ። የሦስተኛው ዙሪያ ጥቁር፣ የደረቀ፣ በካቻቪቴ ጫፍ ሲነካ እንደ ከሰል የሚሰባበር ነው። ሮንዴላዋ ስትወጣ በአንድ ጎኗ ላይ እሳት የሄደበት ጎድጓዳ ነበረባት፤ ከጥፍር ስፋት አይበልጥም።

ባለቤቱ ሳቁ። መካኒኩ አልሳቀም። ረዳቱን መኪናው ሥር እንዲገባ አዘዘው።

የዘይት ኮፓው ወረደ። ዘይቱን ከሥር ስቦ ወደ ሞተሩ የሚልከው ቱቦ ጫፍ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት አለ። ወንፊቱ ከግማሽ በላይ ተደፍኗል፤ በጥቁር ፍርፋሪ፣ ከላይ በተመለከቱት ዓይነት። ሮንዴላዋ ያፈሰሰችው ጥቀርሻ ወር በወር ከዘይቱ ጋር እየወረደ እዚህ ተከማችቷል። ትንሽ ጊዜ ቢቆይ ኖሮ ዘይቱ መጀመሪያ ለቱርቦው፣ ቀጥሎ ለክራንክሻፍቱ ብሮንዚኖች ይነጥፍ ነበር። የዘይት ግፊት መብራት በዳሽቦርዱ ላይ እስኪበራ ድረስ ብዙ ጊዜ ነገሩ አልፎበታል። ሰውየው አራት አዲስ ኖዝል ገዝተው ቢያስገጥሙ ኖሮ አዳዲስ ሮንዴላዎች አብረው ስለሚገቡ መንቀጥቀጡ ይጠፋ ነበር። «ኖዝል ነው» ያለውም ባለሙያ ትክክል መስሎ ይታይ ነበር። ወንፊቱን ግን ማንም አያይም ነበር።

ይህ ሲነገራቸው ባለቤቱ መኪናው አጠገብ ባለ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። ለአንድ አፍታ ምንም አላሉም።

የቀረው ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። አራቱም ኖዝሎች ወጥተው ወደ ኮመን ሬይል መፈተሻ ማሽን ተላኩ፤ አንዴ ከተነቀሉ ሳይፈተኑ መመለስ ነውር ነው። ማሽኑ በተለያየ ግፊት የሚረጩትን መጠን፣ የሚረጩበትን ቅርጽና ሳይረጩ ወደ ኋላ የሚመልሱትን ናፍጣ ይለካል። ወደ ኋላ የሚመለሰው ከበዛ ኖዝሉ ውስጡ ተበልቷል ማለት ነው፤ ሞተሩም ለመነሣት ያስቸግራል። የሚያንጠባጥብ ከሆነ ይብሳል፤ በጭመቃ መካከል የገባ ናፍጣ ፒስተን ያቃጥላል፤ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፤ የዘይቱ መጠን በመለኪያው ዘንግ ላይ ከመቀነስ ይልቅ ሲጨምር ይታያል። የሰውየው አራቱም ኖዝሎች አለፉ።

ቢወድቁ ኖሮ ሌላ ጥንቃቄ ይከተል ነበር። እያንዳንዱ አዲስ ኖዝል ከፋብሪካው ሲወጣ ተለክቶ የራሱ የማስተካከያ ኮድ ተጽፎበታል፤ በቶዮታ ዲ-ፎር-ዲ ሞተሮች ላይ ኮዱ 30 ቁጥርና ፊደል ይደርሳል። ኮዱ ወደ ሞተሩ ኮምፒውተር ካልገባ ኮምፒውተሩ አዲሱን ኖዝል በአሮጌው ልክ ያዝዘዋል፤ ውድ ዕቃ ገዝተው ሞተራቸው መንቀጥቀጡን ያልተወላቸው ሰዎች አንዳንዴ የጎደላቸው ይህች የአሥር ደቂቃ ሥራ ናት። ኮድ የሌለበት ወይም ኮዱ የተፋቀ ኖዝል ኦሪጅናል ነው ተብሎ ሲቀርብ ገዢው እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ በፊት ቆም ማለት አለበት። ኖዝሎች ሳይምታቱ እያንዳንዱ ወደ ነበረበት ሲሊንደር መመለስ ያለበትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ረዳቱ እያንዳንዱን በተለየ ላስቲክ ከትቶ በቀለም ቁጥር ጽፎበታል።

የኖዝሎቹ መቀመጫ በልዩ መላጊያ ተጠርጎ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ ተሠራ፤ ፍርፋሪው ወደ ሲሊንደሩ እንዳይገባ በቅባት ተይዞ። አራት አዳዲስ ሮንዴላዎች ገቡ። ብሎኖቹ በግምት ሳይሆን በተመጠነ ኃይል በሚያጠብቅ ቁልፍ ታሰሩ። ወንፊቱ ታጠበ፤ ኮፓው ተጠረገ፤ ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው ተቀየሩ። የዘይቱ ግፊት በሜካኒካል መለኪያ ተለካ። በዚያው ምሽት ሞተሩ ተነሣ፤ ግን መካኒኩ ቁልፉን አልሰጣቸውም።

በማግሥቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ሰውየው በብርድ ልብሳቸው ተጠቅልለው መጡ። በዚህ ጊዜ ባለቤታቸውም አብረዋቸው ነበሩ። ብርጭቆው በቦታው ተቀምጧል። ሞተሪኖው ዞረና ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። ከማርሚታው የወጣው ቀጭን ጉም ነበር፤ ከሁለት ሦስት ትንፋሽ በኋላ ጠፋ። የውኃው ፊት በደቃቅ ክብ መስመሮች ተሞላ፤ ዳር ግን አልመታም።

መካኒኩ ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቀና መሣሪያውን ሰካ። አንድ የተቀደደ ሽፋን ያለው ደብተር አውጥቶ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጻፈ፤ ከሥሩ አራት ቁጥሮች አሰፈረ፦ 0.4 ሲቀነስ፣ 0.3 ሲቀነስ፣ 0.8 ሲደመር፣ 0.1 ሲቀነስ። ከጎኑ «ከ5,000 ኪ.ሜ. በኋላ ኮፓ ይውረድ፣ ወንፊት ይታይ» ብሎ ጨመረ። የጠቆረችውን ሮንዴላ በወረቀት ጠቅልሎ ለሰውየው ሰጣቸው። እሳቸው ደግሞ ለባለቤታቸው አሳዩአቸው፤ ጎድጓዳው የትኛው ጎን ላይ እንዳለ በጣታቸው እየጠቆሙ።